በ18 እና በ21 ዓመት መካከል ስላሉት ሦስት ዓመታት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላ አሽከርካሪዎች የተለየ የአልኮል ወሰን እንዲደነገግና በአደጋ ምርመራ ጊዜ የስልክ አጠቃቀም እንዲጣራ ስለመጠየቅ

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ19 ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ መኪናም የለኝም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ንጋት ላይ ያደረሰው አደጋና፣ ከአደጋው በኋላ በተሞላው ቅጽ ላይ ያነበብኩት አንድ መስመር ነው። መስመሩ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» ይላል። ውሸት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ልጁ ሌሊቱን ሲጠጣ ማደሩን፣ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር መሪ መጨበጡን፣ አደጋው በደረሰበት ቅጽበትም ዓይኑ መንገዱ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ እንደነበረ ከዚያ መስመር የሚረዳ ማንም የለም።

ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልቆ ልጆቹ የመሰነባበቻ ድግስ አዘጋጁ። አዳራሽ ተከራዩ፣ የመግቢያ ካርድ ሸጡ፣ ዲጄ አመጡ። በር ላይ የተጠየቁት የመግቢያ ካርድ እንጂ መታወቂያ አልነበረም። ተማሪዬ በዚያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ወር አልሞላውም። የአባቱን ቪትዝ ይዞ ሄደ። ድግሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲበተን ወዲያው አልነዳም፤ መኪናው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እየተጨዋወቱ ቆዩና «ለቀቀኝ» ባለ ጊዜ ሁለት ልጆች አሳፍሮ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ጉዞ ጀመረ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። መንገዱ ባዶ ነው። የክፍላቸው የቴሌግራም ቡድን ላይ የሌሊቱ ፎቶዎች እየተለቀቁ ነበር፤ እሱም በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ስክሪኑን ወደ ላይ እየገፋ ራሱን ከፎቶዎቹ መካከል ይፈልግ ነበር። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንዲት የሁለት ልጆች እናት የሆነች የጽዳት ሠራተኛ መንገድ ትጠርግ ነበር። ሆስፒታል ሳትደርስ ሕይወቷ አለፈ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስፍራውን ሄጄ አየሁት። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በትክክል መናገር አልችልም። ደሙ ታጥቧል፤ የመኪናው መስታወት ስብርባሪ ግን ጠርዙ ላይ ነበር። የተጠረገው አፈር በየስምንትና ዘጠኝ እርምጃው ተከምሮ ሦስት ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱም ቁመታቸው እኩል ነው። ከሦስተኛው በኋላ ያለው አስፋልት አልተጠረገም። እጀታው የተሰበረ ረጅም መጥረጊያ ከቱቦው አጠገብ ነበር። የፍሬን ምልክት ፈለግሁ፤ የሙያ ልማድ ይሆናል፣ ከፍሬን ምልክት ርዝመት ፍጥነትን ማስላት ተማሪዎቼን ከማስተምራቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው። ምልክት አልነበረም። ልጁ ፍሬን አልያዘም፤ ለመያዝ መጀመሪያ ማየት ነበረበት።

ልጁ የትንፋሽ ምርመራ የተደረገለት ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ መሣሪያው ያነበበው ቁጥር ከሕጉ ወሰን በታች ነበር። ስለዚህ መጠጥ የሚባል ነገር ከመዝገቡ ወጣ። ስልኩንም የጠየቀው የለም። ጣቢያ ምሳ ይዤለት በሄድኩ ጊዜ ያለኝ ነገር «ቲቸር፣ እኔ እኮ አልሰከርኩም ነበር፤ ሁለት ቢራ ብቻ ነው» የሚል ነበር። መሣሪያውም ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ሕጋችን ስለ ዕድሜና ስለ መጠጥ የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ጥያቄ ከዚያ ንባብ የወጣ ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የመንጃ ፈቃድ ሕጋችን ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ሰው አውቶሞቢል እንዲያሽከረክር ይፈቅዳል። በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመታት አሉ፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ያለ ወጣት መንዳት ይችላል፣ መጠጥ ግን ሊሸጥለት አይገባም። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ነገር ግን ከመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ ስንሠራበት የኖርነው የአልኮል ወሰን፣ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም፣ ለ19 ዓመቱ ጀማሪም ለ50 ዓመቱ የታክሲ ሾፌርም አንድ ነው። እንግዲህ አንዱ ሕግ ለተማሪዬ «አንድ ጠርሙስም አይሸጥልህም» ሲለው፣ ሌላው ሕግ «ጠጥተህም ቢሆን እስከዚህ ድረስ መንዳት ትችላለህ» ይለዋል። ሁለቱ ሕጎች የወጡት ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እንደመሆኑ አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ ተላልፈዋል ብዬ አስባለሁ፤ ይህን ያደረገ ክፉ ልብ የለም። ግን የተላለፉበት ቦታ ላይ ሰው ሞቷል።

0.8 ግራም ማለት ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቀውምና በምናውቀው መስፈሪያ ልግለጸው። 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ቢጠጣ፣ ምንም እንኳ ሰው ከሰው ቢለያይም፣ በተለመደው ስሌት ከ0.8 በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስት ጠርሙስ የጠጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ልጃችሁን ትምህርት ቤት ያድርስላችሁ ቢባል እሺ የሚል ወላጅ አለ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ አሽከርካሪ ከ0.5 ግራም፣ ለወጣትና ለጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ ከ0.2 ግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ዓይነት የአልኮል መጠን በደማቸው ካለ ሁለት ሰዎች መካከል ለአደጋ ይበልጥ የሚጋለጠው ወጣቱ ነው፤ ምክንያቱም የልምድ ጉዳይ ነው። የ50 ዓመቱ ሾፌር እጅና እግሩ በልማድ የሚሠሩትን ነገር ጀማሪው ገና በሐሳቡ እያሰላ ነው የሚሠራው፤ አልኮል ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደክመው ይህንኑ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የማሰብ ችሎታ ነው።

ይህን ስል «ክትፎ በልቼ ነው የጠጣሁት»፣ «ቡና ጠጥቻለሁ»፣ «ሎሚ መጥጫለሁ» የሚሉ መልሶች ከወዲሁ ይሰሙኛል፤ ከተማሪዎቼ ብቻ ሳይሆን ከመምህራን ክፍልም ሰምቻቸዋለሁ። ምግብ አልኮል ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል እንጂ የገባውን አያወጣም። ቡና የነቃ ሰካራም ያደርጋል። ጉበት በራሱ ጊዜ ይሠራል፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሚያጣድፈውም ነገር የለም። «ለቀቀኝ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ሞቅታው ሲቀዘቅዝ ነው፤ የእጅና የዓይን መዘግየት ግን ከሞቅታው በኋላም ይቆያል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው፦ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው መዘግየት በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይነጻጸራል። ተማሪዬ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው የተነሣ ጀምሮ አልተኛም ነበር። የትንፋሽ መሣሪያው ይህን አይለካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ይህ ደብዳቤ በጠላ ላይ ወይም በቢራ ላይ የተጻፈ አይደለም። በዓመት በዓል ቀን ለልጅ በትንሽ ብርጭቆ ጠላ ቀምሶ እንዲመርቅ የሚሰጥበት ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት፤ 21 ዓመት የሚለው ቁጥር ለብዙዎቻችን ከሌላ አገር የመጣ ቃል ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ። የምጠይቀው ሰው ምን ይጠጣ የሚለውን አይደለም። የጠጣ ልጅ መሪ አይያዝ ነው። ዜሮ ሳይሆን 0.2 ግራም እንዲሆን የምጠይቀውም ለዚህ ነው፤ የመሣሪያ ስሕተትንና የበዓል ቅምሻን ያስተናግዳል፣ ጠርሙስን ግን አያስተናግድም።

የወንጀል ሕጋችን ጨርሶ ለዘብተኛ ነው ማለቴም አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደሚያጣበት ሁኔታ አግብቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ብርቱ ነው። ግን ብርቱ የሚሆነው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም መጠጡ በመዝገብ ላይ ከሰፈረ። ከሞት በፊት ባለው ሌሊት፣ ልጁ ከአዳራሹ ወጥቶ ቁልፉን ከኪሱ በሚያወጣበት ሰዓት፣ ሕጉ የሚለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ማታ የቆመ የትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው እንኳ መሣሪያው ከወሰን በታች ካለ «መልካም መንገድ» ብሎ ከመሸኘት ሌላ ሥልጣን የለውም።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ፤ ምናልባት ከመጠጡ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም መጠጥ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ ስልክ ግን ዘወትር በእጅ ነው። ከአደጋው በኋላ በነበረው መስከረም ትምህርት ሲጀመር የመጽሐፉን መልመጃ ትቼ ሌላ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ አንድ መልእክት ለማየት ለ5 ሰከንድ ዓይኑን ከመንገዱ ቢያነሣ ሳያይ የሚጓዘው ርቀት ስንት ነው? ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 16.7 ሜትር፣ በ5 ሰከንድ 83 ሜትር። ልጆቹ መልሱን ወዲያው አገኙትና ደብተራቸውን ዘጉ። ቁጥሩ ምንም እንዳላላቸው ስላየሁ ባለ 20 ሜትሩን የስፖርት መለኪያ አስመጥቼ ወደ ግቢ አወጣኋቸው። ከክፍሉ በር ጀመርን። ግቢው አልበቃንም። የትምህርት ቤቱን በር አልፈን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አልፈን፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ ያለችበት ስንደርስ ነው 83 የሞላው። በመንገዳችን ላይ የነበሩትን ሰዎች አንዲት ተማሪ ስትቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ዝም አሉ፤ አንዱ ግን «ቲቸር፣ ቀለበት መንገድ ላይ ግን 60 የሚነዳ የለም» አለ። ልክ ነው። በ80 ሲሆን 111 ሜትር ይሆናል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ይገልጻል፤ በጆሮ ማዳመጫ ማውራትም የሚታሰበውን ያህል አያድንም፣ ምክንያቱም የሚጠመደው እጅ ብቻ አይደለም። በወጣቶች ዘንድ ነገሩ ከዚህም አልፏል። ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛ የፍጥነት መለኪያውን ወደ 120 ሲወጣ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል፤ ከታች በአስተያየት «ጨምር» የሚሉት በመቶ ይቆጠራሉ። ልጅ ብቻውን ሲነዳ ከሚነዳው በላይ እኩዮቹን አሳፍሮ ሲነዳ እንደሚብስ፣ አደጋውም በተሳፋሪ ጓደኞች ቁጥር ልክ እንደሚያድግ በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም ነበር፤ አንድን ተማሪ ለብቻው ቢሮዬ ጠርቼ ሳናግረውና ያንኑ ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሳናግረው ያለውን ልዩነት 19 ዓመት አይቼዋለሁ።

ስለ አደገኛ ሾፌር ስናወራ ሁልጊዜ ጣታችን ወደ ከባድ መኪና ይቀሰራል። ለኢሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አውጥተናል። በአባቱ ቪትዝ እሑድ ንጋት ላይ ለሚመጣው ልጅ ግን ስም አላወጣንለትም፤ የእኛው ልጅ ስለሆነ ይመስለኛል። በአዲስ አበባ በየዓመቱ 400 የሚጠጉ ሰዎች በመንገድ ላይ እየሞቱ፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ እግረኞች ሆነው ሳለ፣ ስንቶቹ ከ21 ዓመት በታች በሆነ አሽከርካሪ፣ ስንቶቹስ ስልክ በያዘ እጅ እንደሞቱ የአደጋ ቅጾቻችን ሊነግሩን አይችሉም። «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት»፣ «ርቀትን ጠብቆ ባለማሽከርከር» የሚሉት ምክንያቶች የሆነውን ይናገራሉ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገሩም። ቅድሚያ ያልሰጠው ለምንድን ነው? ፎቶ እያየ ስለነበር ነው። ይህ በቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው በዓመቱ መጨረሻ በሚወጣው ሪፖርት ላይም ቦታ አይኖረውም፤ በሪፖርት ላይ የሌለ ነገር ደግሞ በጀት አያገኝም።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ሄደውበታል። ኒው ዚላንድ በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ጀመረች፤ ጀማሪው ለተወሰነ ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለብቻው አይነዳም፣ ልምድ ያለው አሽከርካሪ አብሮት ከሌለም ጓደኞቹን አያሳፍርም፤ ዕድሜው ከ20 በታች ለሆነ አሽከርካሪ ደግሞ የአልኮል ወሰኑ ዜሮ ነው። በዚያ አገር ሕግ ተማሪዬ ያን ሌሊት ሁለቱን ጓደኞቹን ማሳፈር አይችልም ነበር። በአሜሪካ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ አሽከርካሪዎች ከ0.2 ግራም የማይበልጥ ወሰን አላቸው። ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃዷን በቪዲዮ ስታሳየኝ ካርዱ እንደ እኛው አግድም ሳይሆን ቁመቱ ወደ ላይ የሆነ ነው። «ምነው ቆመ?» ብላት፣ «21 እስኪሞላኝ ነው አጎቴ፤ ፖሊሱም የመጠጥ ቤቱ ሰውዬም ከሩቅ እንዲያውቁት ነው» አለችኝ። ካርድን ወደ ጎን አዙሮ ማተም ምን ያህል ያስወጣል?

ስለዚህ ለተከበረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤታችሁ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንቡ ውስጥ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላና፣ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው አሽከርካሪዎች የአልኮል ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.2 ግራም እንዲሆን፤ ለእነዚሁ አሽከርካሪዎች የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ በቅርጹ ወይም በቀለሙ ተለይቶ እንዲታተም፤ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት በሚነዱበት ጊዜ የሚያሳፍሩት የእኩያ ቁጥር እንዲገደብ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሰው በተጎዳበት አደጋ ሁሉ የትንፋሽ ምርመራው ወዲያው እንዲደረግ፣ አሽከርካሪው ስልክ ይጠቀም እንደነበረ በሕጉ መሠረት በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጣራ፣ የአደጋ ቅጹም ለዚህ የሚሆን መስመር እንዲኖረው ነው የምለው። ይህ የመጨረሻው ደንብ መለወጥን እንኳ አይጠይቅም፤ ወረቀት መለወጥን እንጂ።

ቁጥጥሩስ? ቁጥጥሩ ባለፉት ዓመታት እንደተሻሻለ አይቻለሁ፤ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዘው በምሽት የሚቆሙ ፖሊሶች በከተማችን መታየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ያለው የምርቃትና የመሰነባበቻ ወቅት የራሱ ሰዓት አለው። ልጆቹ ከአዳራሽ የሚወጡት ፖሊሱ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ደግሞ ገና ሲወጡ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ሰዓት ከንጋቱ አሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያን ሰዓት ቁጥጥር የለም፣ መንገዱም ባዶ ስለሆነ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ እንደሚሆን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ደብዳቤ በግልባጭ ለእናንተም ነውና። ከእናንተ መካከል ልጁ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መሪ አስይዞ በኩራት ፎቶ የሚያነሣ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፎቶውን አሳይታችሁኛልና። መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም በመጠጥ ኃይል የደረሰን ጉዳት የመድን ውሎች ከሽፋን ውጭ እንደሚያደርጉ ግን ውሉን ስትፈርሙ ያነበባችሁ ስንት ናችሁ? የተማሪዬ አባት ቁልፉን የሰጡት ልጃቸውን ስለሚያምኑት ነው። ጥሩ ልጅ ነበር፤ አሁንም ነው። ለአንድ ሌሊት የራይድ ሒሳብ ከፍለውለት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የጠበቃ፣ የመኪና ጥገናና የሟች ቤተሰብ ካሣ ወጪ ባልኖረባቸው ነበር። ከድግስ በኋላ «ጠጥቻለሁ፣ ውሰዱኝ» ብሎ ለሚደውል ልጅ ያን ሌሊት ቁጣ አይገባውም። ቁጣው ለማግስቱ ይቆይ። አንድ ጊዜ የተቆጣ ወላጅ ሁለተኛ አይደወልለትም፤ ልጁ በራሱ ነድቶ ይመጣል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ቅጣቱን ጨርሶ የወጣውን ያን ተማሪዬን አግኝቼ አስነበብኩት። ስሙ እንደማይጠቀስ ነግሬው ነበር፤ ቢሆንም ስለ እሱ የሚጻፍን ነገር እሱ ሳያውቀው መላክ ከበደኝ። ቡና ቤት ተቀምጠን በዝግታ፣ አንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ እየመለሰ አነበበው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ አስቀምጦታል፤ ሁለት ጊዜ ነዘረ፣ አላነሣውም። ሲጨርስ «አንድ ቦታ ላይ ይታረም» አለኝ። የትኛው ብዬ ስጠይቀው ጣቱን ጣቢያ የነገረኝ ነገር የተጻፈበት ላይ አደረገ። «ሁለት አልነበረም ቲቸር። ስድስት ነው። ያኔ የዋሸሁት እርስዎን ብቻ ነው፤ ፖሊሱ ስንት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ መሣሪያው ደህና ነህ አለኝ።»

እንዳረም የጠየቀኝን በራሱ ቃል አስፍሬዋለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ቢሰጠኝ፣ መልሱን በመጪው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከመሰነባበቻው ድግስ በፊት አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ የትራፊክ ቁጥጥር ሥራን ለሚመሩ አካላት
ለአዳራሽ አከራዮችና ለድግስ አዘጋጆች
ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች